ለደጋው አንባቢ የትኛው ኢ-ሪደር?

ከቦረና እስከ ለጋምቦ፣ ከወግዲ እስከ አማራ ሳይንት ባለው የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ መጽሐፍ ወዳድ ሰው የሚያነበውን የሚያገኝባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው። ደሴ ወይም አዲስ አበባ ደርሶ የሚመለስ ሰው ያመጣለታል፤ ከወዳጅ ይዋሳል፤ አለዚያ ከቴሌግራም ሶፍት ኮፒ አውርዶ በስልኩ ያነባል። ይህ ሦስተኛው መንገድ ሌሎቹን እየዋጠ መጥቷል። ስልክ ላይ ለሰዓታት አፍጥጦ ዓይኑም ባትሪውም የደከመበት ሰው ታዲያ ሌላ ጥያቄ ያነሳል፦ ጂዳ ወይም ዱባይ ያለችው እህቴ ኪንድል የሚባለውን የመጽሐፍ ማንበቢያ (ኢ-ሪደር) ብትልክልኝ ይሻለኛል? ወይስ ከኪንድል የተሻለ አለ?

ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሳይመለስ ሲቀር፣ አስቀድሞ ያወረደ ሰው አነበበ፤ ያላወረደው ግን ያለችውን ደጋግሞ ከማንበብ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። መብራት በየጊዜው በሚሄድበት፣ መንገድ ሲዘጋ መጽሐፍም በማይደርስበት አካባቢ፣ ብዙ መጻሕፍት ይዞ ያለ ኔትወርክና ያለ ቻርጅ ብዙ ቀን የሚቆይ መሣሪያ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም የውጭ አገር ገምጋሚዎች የሚሰጡትን ደረጃ እንዳለ ብንቀበል እንሳሳታለን። እነሱ የሚጀምሩት ከመደብሩ ነው፤ ስንት ሚሊዮን መጽሐፍ እንዳለው፣ በወር ስንት እንደሚያስከፍል ያወዳድራሉ። የእኛ መነሻ ሌላ ነው። በእጃችን ያለውን ፋይል ይከፍታል ወይ? ፊደላችንን አጥርቶ ያሳያል ወይ? በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ሲመዘኑ በዓለም ገበያ አንደኛ የሆነው መሣሪያ ለእኛ አንደኛ አይሆንም።

ስለ ኢ-ሪደር ስክሪን ባጭሩ። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ የተቋቋመው ኢ ኢንክ የተባለው ኩባንያ የሠራው ይህ ስክሪን በዓይን የማይለዩ እንክብሎች የሞሉበት ነው፤ በየእንክብሉ ውስጥ ነጭና ጥቁር ቅንጣቶች አሉ፣ ኤሌክትሪክ ሲነካቸው አንደኛው ቀለም ወደ ላይ ይወጣል፣ ሌላው ይሰምጣል። ገጹ አንዴ ከተሠራ በኋላ እንዳለ ለመቆየት ኃይል አይፈልግም። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2004 በጃፓን፣ አማዞን ደግሞ በ2007 ኪንድልን በ399 ዶላር ይዘው የወጡት በዚሁ ስክሪን ነው። ለደጋ ሰው ትልቁ ጥቅሙ ከቤት ውጭ ይታያል። ረፋድ ላይ ደጅ ተቀምጦ ስልክ ለማንበብ የሞከረ ሰው ከፊደሉ ይልቅ የራሱን ፊት ያያል፤ ኢ-ሪደር ግን ፀሐዩ በበረታ ቁጥር ይበልጥ ይጠራል። ማታ መብራት ሲሄድ ደግሞ አሁን የሚሸጡት ሞዴሎች የራሳቸው ብርሃን ስላላቸው ሻማም ኩራዝም አይፈልጉም።

የባትሪውን ማስታወቂያ ግን አስተውሎ ማንበብ ነው። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ፔፐርዋይት የተባለው ኪንድል እስከ 12 ሳምንት፣ መደበኛው ኪንድል ደግሞ እስከ 6 ሳምንት ይቆያል ይላል። ስሌቱ የተሠራው ዋይፋዩን ዘግቶ በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ ለሚያነብ ሰው ነው። ይህ ሲደመር 12ቱ ሳምንት 42 የንባብ ሰዓት ይሆናል። በቀን ሦስት ሰዓት የሚያነብ መምህር እንግዲህ በፔፐርዋይት ሁለት ሳምንት፣ በመደበኛው አንድ ሳምንት ያገኛል ማለት ነው። ይህም ቢሆን ስልክ በአሳቡም የማይደርስበት ነው። ደግሞም ባትሪው ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይሞላል፤ ኮቦ ክላራ የተባለው ሌላ ኢ-ሪደር ባትሪው 1,500 ሚሊአምፒር ሰዓት ሲሆን የዛሬ ስልኮች አብዛኛውን ጊዜ 5,000 ይይዛሉ። በሶላር መብራት ላይ ያለችው የዩኤስቢ ቀዳዳ ስልክን ቀኑን ሙሉ ስታንፏቅቅ ኢ-ሪደርን ግን ሞልታ ታድራለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ ወደ ፋይሉ።

በቴሌግራም የሚዘዋወረው የአማርኛ መጽሐፍ አብዛኛው ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ነው፤ ማለትም የገጹ ፎቶ እንጂ ጽሑፍ አይደለም። ፎቶ ደግሞ እንደ ጽሑፍ ፊደሉ ብቻ ሲያድግ መስመሩ ራሱን አስተካክሎ አይፈስስም። አንድ የተለመደ የአማርኛ ልቦለድ ገጽ ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ባለ 6 ኢንች ኢ-ሪደር ስክሪን ስፋቱ 9 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ በ12 ነጥብ የታተመ ፊደል ስክሪኑ ላይ ከ7 ነጥብ ብዙ ያልበለጠ ሆኖ ይወርዳል። ብዙዎቹ ስካኖች ደግሞ መጽሐፉ ተገልጦ ግራና ቀኙ ገጽ በአንድ ፎቶ የተነሣ ነው፤ ያኔ ፊደሉ ከ4 ነጥብ በታች ይወርዳል። የላቲን ፊደል አንባቢ እንዲህ ያለውን በግምት ሊያነብ ይችል ይሆናል። የእኛ ፊደል ግን ከግዕዝ እስከ ሳብዕ የሚለየው በአንዲት ጭረት፣ በአንዲት ቀለበት፣ በአንዲት እግር ነው። ጭረቷ ስትደበዝዝ ቃሉ ይጠፋል።

መላ አለው፣ ግን ሙሉ መላ አይደለም። ኬኦሪደር የሚባል ነፃ የንባብ ፕሮግራም አለ፤ በኮቦም፣ ፖኬትቡክ በተባለው ኢ-ሪደርም፣ በአንድሮይድም ይጫናል። ይህ ፕሮግራም የስካኑን ነጭ ኅዳግ ይቆርጣል፣ ገጹን ያጋድማል፣ የደበዘዘውን ቀለም ያጠቁራል። ኅዳጉ ተቆርጦ መሣሪያው ሲጋደም የገጹ ግማሽ በ12 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይመጣል፤ ያኔ ለዓይን የሚመች ይሆናል። ባለ ሁለት ገጹ ስካን ግን በዚህም አይድንም። የሚያነቡት ሁሉ ስካን የሆነ ሰው 6 ኢንች ገዝቶ ባይቆጭ ይሻላል፤ 10 ኢንች ታብሌት ያስፈልገዋል። 10 ኢንች ያላቸው ኢ-ሪደሮችም አሉ፣ ዋጋቸው ግን እዚህ አገር ላለ ግለሰብ የሚቀመስ አይደለም።

ስካን ያልሆነውም ፒዲኤፍ ሌላ ጣጣ አለው። ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ዓመታት፣ ማተሚያ ቤቶቻችን በራሳቸው ስሌት በሚሠሩ የቆዩ የግዕዝ ፎንቶች ሲለቅሙ ኖረዋል። እንዲህ ያለው ፋይል በኮምፒውተር ሲታይ ጤነኛ አማርኛ ነው። ወደ ሌላ ዓይነት ፋይል ሲለወጥ ግን ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና የጥያቄ ምልክት ክምር ይሆናል። ችግሩ ከፋይሉ እንጂ ከመሣሪያው ስላልሆነ ውድ መሣሪያ መግዛት አያድነውም።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳርፈው ኢፐብ የሚባለው ፋይል ነው። በዩኒኮድ የተጻፈ ኢፐብ በየትኛውም ስክሪን ላይ ይፈስሳል፤ ፊደሉ ሲያድግ መስመሩ ይስተካከላል፣ የሙሉ ልቦለድ ጽሑፍም ከአንድ ሜጋባይት ብዙም አይዘልም። ደስ የሚለው፣ ፊደላችን ለእነዚህ መሣሪያዎች ቀላል ነው። እንደ አረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ አይሄድም፣ ፊደል ከፊደል ጋር እየተያያዘ መልኩን አይለውጥም። የሚፈልገው ፎንት ብቻ ነው። በኮቦ ላይ አሠራሩ ይህን ይመስላል፦ መሣሪያውን በኬብል ከኮምፒውተር ጋር ያገናኙታል፤ በእንግሊዝኛ ፎንትስ የሚል ስም ያለው ፎልደር ይከፍቱበታል፤ በነፃ ከሚገኙት አቢሲኒካ ኤስአይኤልን ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን ይገለብጡበታል፤ ነቅለው መጽሐፉን ይከፍቱና ከፎንቶቹ ዝርዝር ይመርጡታል። ከዚያ በፊት አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ይታይ የነበረ ገጽ በአንድ ጊዜ አማርኛ ይሆናል። ኪንድልም እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ እንዲህ ያለ ፎልደር አለው።

ፎንቱ ቢገኝም የስክሪኑ ጥራት ይወስናል። መደበኛው ኪንድል እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ድረስ በአንድ ኢንች 167 ነጥብ ብቻ ነበረው፤ ከዚያ ወዲህ 300 ሆኗል። ያገለገለ ኪንድል በርካሽ አገኘሁ የሚል ሰው መጀመሪያ ይህን ይጠይቅ። በ167 ነጥብ እንግሊዝኛ ያለ ችግር ይነበባል፤ አማርኛ ግን ፊደሉ ካልገዘፈ ዓይን ያደክማል። ባለቀለም ስክሪን ያላቸውን አዲሶቹን ሞዴሎች ደግሞ ለልቦለድ አንባቢ አልመክርም። ቀለሙ የሚታየው በ150 ነጥብ ነው፣ ለቀለሙ ሲባል የተጨመረው ንጣፍም ስክሪኑን ያጨልመዋል።

እንግዲህ መሣሪያዎቹን እንያቸው። ኪንድል ስሙ የገነነ፣ አሠራሩ የተጣራ፣ ከጂዳም ከዱባይም ከሌሎቹ በቀለለ ሁኔታ የሚገኝ ነው። እንግሊዝኛ በብዛት ለሚያነብ፣ በተለይ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ አንድ ትልቅ በጎነት አለው፦ ያልገባው ቃል ላይ ጣቱን ሲያሳርፍ ፍቺው ያለ ኢንተርኔት ይመጣለታል። በቦረናዋ ከተማ በመካነ ሰላም ባለው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ለሚማር ልጅ ይህ ብቻውን ቁም ነገር ነው፤ ኮቦም ይህንኑ ያደርጋል። አረብኛም በኪንድል በይፋ የተደገፈ ስለሆነ ኪታብ ለሚቀራ ደረሳ ይመቻል። አማርኛ ግን አማዞን ለኪንድል መጽሐፍ ከሚቀበላቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ የለም፤ አፍሪካንስ በዝርዝሩ ውስጥ እያለ አማርኛ አለመኖሩ ያሳዝናል። ሁለተኛው ችግር በዕለት ሥራ የሚያጋጥም ነው። በኬብል የተገለበጠ ኢፐብ ኪንድል ላይ አይከፈትም፤ ወይ በኢንተርኔት ወደ አማዞን ልኮ ማስለወጥ፣ ወይ ካሊበር በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ መለወጥ ያስፈልጋል። ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ፣ ኮምፒውተርም በሌለበት፣ ሁለቱም በር ዝግ ነው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ደግሞ አማዞን የተገዛን መጽሐፍ ወደ ኮምፒውተር አውርዶ በኬብል የማስተላለፉን መንገድ ዘጋ። በቴሌብርም ሆነ በአገር ውስጥ የብር ሒሳብ ከዚያ መደብር መግዛት ስለማይቻል የመደብሩ ስፋት ለመካነ ሰላም አንባቢ ብዙም ትርጉም የለውም።

ኮቦ የካናዳ ነው፣ ባለቤቱ ራኩተን የተባለው የጃፓን ኩባንያ። ኢፐብ በኬብል ሲገለበጥበት ያለ አንዳች ልወጣ ይከፍታል፤ ፎንት ይቀበላል፤ ኬኦሪደር ያለ ብዙ ትግል ይጫንበታል። ክላራ የሚባለው ጥቁርና ነጭ ሞዴል 6 ኢንች፣ 300 ነጥብ ነው፣ ውሃ አያስገባም። በክረምት ጣሪያው የሚያፈስበት ቤት ያደገ ሰው የዚህን ጥቅም ያውቃል፤ መደበኛው ኪንድል ይህ የለውም። በተጨማሪም ኮቦ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ የሚፈቱና የሚጠገኑ ሞዴሎችን እያወጣ ነው። እኔ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ለአማርኛ አንባቢ የምመርጠው ይህንን ክላራ ነው።

የዩክሬን ሰዎች የመሠረቱት ፖኬትቡክ ከኮቦም በላይ ልበ ሰፊ ነው። ኢፐብ፣ ዎርድ፣ ደጃቩ፣ ያገኘውን ሁሉ ይከፍታል፤ ቨርስ የተባለው ሞዴል ሚሞሪ ካርድ ይቀበላል። ኮምፒውተር በሌለበት ከተማ ካርዱን ከስልክ ነቅሎ ኢ-ሪደር ላይ መሰካት ምን ያህል ነገር እንደሚያቃልል ማስረዳት አያስፈልግም። ጉድለቱ የቨርስ ስክሪን 212 ነጥብ መሆኑና ፖኬትቡክ በዓረብ አገሮች ገበያ እንደ ኪንድል በየሱቁ አለመገኘቱ ነው። የቻይናው ቡክስ ደግሞ በአንድሮይድ የሚሠራ ስለሆነ ቴሌግራሙም፣ የአማርኛ መጽሐፍ የሚሸጡት አፖችም፣ ተራኪን የመሳሰሉ የትረካ አፖችም ይጫኑበታል። ያው ይህ ነፃነት ባትሪውን ይበላዋል፤ መልእክቱም እየመጣ ከንባብ ያናጥባል። ከስልክ ለመሸሽ የፈለገ ሰው ሌላ ስልክ እንዳይገዛ እሰጋለሁ።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ መደበኛው ኪንድል እ.ኤ.አ. በ2024 ሲወጣ 110 ዶላር፣ ኮቦ ክላራ 130፣ ፔፐርዋይት 160 ነበር። ዶላሩ በ150 ብር ቢታሰብ የመጀመሪያው 16,500፣ ሁለተኛው 19,500፣ ሦስተኛው 24,000 ብር ነው። የጀማሪ መምህር የወር ደመወዝ ርካሹንም አይገዛም። አንድ የታተመ መጽሐፍ በ500 ብር ብንሸምት በኪንድሉ ዋጋ 33 መጽሐፍ መግዛት ይቻላል፤ እነዚያ 33 መጻሕፍት ደግሞ ለጎረቤት ይዋሳሉ፣ ለልጅ ይቀራሉ። ስለዚህ ከኪስ አውጥቶ ለመግዛት ለሚያስብ ሰው ቁርጡን እነግረዋለሁ፦ በዓመት ከአሥር መጽሐፍ በታች የምታነብ ከሆነ ወረቀቱን ግዛ። ዘመድ የሚልክለት ግን አንድ ነገር አደራ ይበል። ኪንድልም ኮቦም መጀመሪያ ሲከፈቱ ዋይፋይና አካውንት ይጠይቃሉ፤ ላኪዋ እዚያው አስነሥታ፣ ሶፍትዌሩን አድሳ፣ ፎንቱን ጭና ብትልከው እዚህ ከኔትወርክ ጋር ከመታገል ይገላግላል። መያዣ ሽፋንም አብሮ ይላክ። ስክሪኑ ውስጡ ስስ መስታወት ነው፤ ቢሰነጠቅ የስልክ ስክሪን የሚቀይሩት ልጆቻችን መለዋወጫ አያገኙለትም።

ኢ-ሪደር የማይሆንባቸውም አሉ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር የታተመ መጽሐፍ ባለመዳረሱ ብዙ ተማሪ በሶፍት ኮፒ ተምሯል። እነዚያ የመማሪያ መጻሕፍት ሰፋፊ ገጽ፣ ባለቀለም ሥዕልና ሠንጠረዥ ያላቸው ናቸው፤ በ6 ኢንች ግራጫ ስክሪን ባዮሎጂ ማጥናት ልጁን ማሰቃየት ነው። ለእሱ ታብሌት፣ ታብሌት ከሌለ ስልኩ ይሻለዋል።

የብራና ጽሑፍ ነገርም እንዲሁ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ አካባቢው የብራና አገር ነውና። በሳይንት የተድባበ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች። ከመካነ ሰላም በስተሰሜን ምሥራቅ ደግሞ ዐፄ ቴዎድሮስ መጻሕፍት ያሰባሰቡባት መቅደላ አለች፤ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከዚያ ዘርፎ ከወሰዳቸው ብራናዎች 350 ያህሉ ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። ቤተ መጻሕፍቱ ከፊሎቹን በዲጂታል አንሥቶ ለሁሉ ክፍት አድርጎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 በደረሰበት የሳይበር ጥቃት ግን አገልግሎቱ ተቋረጠ። በ1960ዎቹ ዓ.ም. በማይክሮፊልም መነሣት የጀመሩትን በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎች ደግሞ በአሜሪካ ሚኒሶታ ያለው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት በነፃ ያስነብባል። እነዚህን በኢ-ሪደር ለማንበብ የሚያስብ አይድከም። በብራና ላይ የእግዚአብሔር፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ይጻፋል፤ ግራጫው ስክሪን ያንን ቀይ ከጥቁሩ ጋር አንድ ያደርገዋል። ለዚህ ሥራ ላፕቶፕ ነው።

ለግለሰብ ውድ የሆነው መሣሪያ ለትምህርት ቤት ወይም ለወረዳ ቤተ መጻሕፍት ቢገዛስ? ይህን ጋና ሞክራዋለች። ወርልድሪደር የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በጋና ትምህርት ቤቶች ኪንድል አደለ። ልጆቹ በእጃቸው የሚገኘው መጽሐፍ በዛ፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ሙከራ ከመሣሪያዎቹ 40 በመቶ ያህሉ ተሰበሩ፣ ድርጅቱም እያደር ወደ ስልክ አዘነበለ። ከዚህ የምወስደው ሕፃናት እጅ ላይ ከማደል ይልቅ በቤተ መጻሕፍት ውስጥ በፊርማ የሚወጣና እዚያው የሚመለስ አምስት ስድስት ኮቦ መጀመር እንደሚሻል ነው፤ ለመምህራንና ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች። ሽፋኑና የሚሞላበት ሶላር አብሮ ካልተገዛ ግን አይጀመር።

መሣሪያው ሁሉ ተገኝቶ የሚነበበው ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ግን ይቀራል፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ደራሲ ዓመታት ደክሞ ያወጣው መጽሐፍ በወጣ ሰሞን ስካን ተደርጎ በቴሌግራም ይበተናል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት መብቱን ይጠብቃል። በ1996 ዓ.ም. ያረፉት ሐዲስ ዓለማየሁ የጻፉት ፍቅር እስከ መቃብር እንኳ እስከ 2040ዎቹ አጋማሽ የባለ መብት ነው። አንባቢው ሕግ ጣሰ ብሎ መውቀስ ቀላል ነው፤ ግን መካነ ሰላም ያለ ሰው በ150 ብር በቴሌብር ከፍሎ ንጹሕ ኢፐብ የሚገዛበት መንገድ አሳታሚው አልከፈተለትም። የአማርኛ ኢ-መጽሐፍ የሚሸጡት አፖችም መጽሐፉን በአፑ ውስጥ ቆልፈው ስለሚያስቀምጡት በአንድሮይድ ካልሆነ በኮቦ ላይ አይነበብም። አሳታሚዎቻችን መጽሐፉን የሚለቅሙት በኮምፒውተር ነው፤ በዩኒኮድ ከለቀሙት ኢፐብ ማውጣት ተጨማሪ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

እነሱ እስኪነቁ መጠበቅ የማያስፈልግበት የመጽሐፍ ክምችትም አለ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ዓ.ም. አርፈዋል፤ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመውን የመጀመሪያ የአማርኛ ልብ ወለድ የጻፉት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስም ካረፉ 50 ዓመቱ ካለፈ ቆይቷል። የእነዚህን ሥራዎች መተየብ ማንንም አይበድልም። ስካኑን ወደ ጽሑፍ የሚለውጡ ነፃ ፕሮግራሞች አማርኛ ያውቃሉ፤ ሣልሱን ከኀምሱ፣ ራብዑን ከግዕዙ እያምታቱ ስለሚሳሳቱ ግን እያንዳንዱን ገጽ ሰው ማረም አለበት። በመካነ ሰላም ያሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ገጹን ተከፋፍለው በአንድ ክረምት አንድ የኅሩይን መጽሐፍ አርመው ሊጨርሱ ይችላሉ። የሚወጣው ኢፐብ በብሉቱዝም በዜንደርም ከአጅባር እስከ ከላላ ከስልክ ወደ ስልክ ያልፋል፣ ከስልክም በአንዲት ኬብል ወደ ኮቦው።